ማደያ ሳይከፍቱ ከነዳጅና ከመብራት ሥራ ማትረፍ፤ ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ልጆች

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ብር ያጠራቀመ ሰው ስለ ነዳጅ ሥራ ሲያስብ ቶሎ ፊቱ የሚመጣው ማደያ ነው። ሰልፉን እያየ ነዋ! ባጃጁ ከሌሊት ጀምሮ ተኮልኩሎ፣ ሹፌሩ የኋላ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ፣ «ቦቴ ገባ» ሲባል ሁሉም ሲሯሯጥ ያየ ሰው «እዚህ ውስጥማ ብር አለ» ቢል አይፈረድበትም። ብሩስ አለ። እናንተ እጅ የሚገባው ግን ሌላ ቦታ ነው። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ አገር ውስጥ የሚጣራ የለም። ገዝቶ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ እሱም የመንግሥት ነው። መሸጫ ዋጋውን የሚቆርጠው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በመሃል እነ ኖክ፣ ቶታል፣ ኦላ፣ የተባበሩት ያከፋፍላሉ። ማደያው የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ከአንድ ሊትር የሚያገኛት ትርፍም ተቆርጣ የተሰጠችው ናት። ገበያ ሞቀ ብሎ ዋጋ አይጨምር፣ ርካሽ ሻጭ አገኘሁ ብሎ ከሌላ አይገዛ።

አሁን ካፒታሉን አስቡት። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ገደማ ይጭናል። በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ማጓጓዣ ይደመርበታል። በድፍን 100 ብር ብናሰላው እንኳ አንድ ቦቴ ለማራገፍ 4.5 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ቦታው፣ ታንከሩ፣ ፓምፑ፣ የእሳት መከላከያው ሳይቆጠር። ዋጋው በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልጋችሁ ብር በእጥፍ ያድጋል፤ የሊትር ትርፋችሁ ግን አብሮ እጥፍ ይሁን ያለ ሰው የለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሠራተኛው ደሞዝ እየበላ ቁጭ ነው። እኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም።

«እሺ ማደያው ይቅር፣ በጄሪካን ብነግድስ?» የሚል አለ። በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን መንገድ ዳር ደርድሮ የሚሸጠውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲቸግረን ገዝተንም ይሆናል። ዋጋ በመንግሥት ሲቆረጥና አቅርቦቱ ሲቆራረጥ እንዲህ ያለ ገበያ መፈጠሩ አይቀርም። ሥራ ነው ብሎ የሚገባበት ግን ጉዱን ነው የሚገዛው። ሕገወጥ ነው፤ በ2017 የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ደግሞ ቅጣቱን አጥብቆታል። ከዚያ በላይ ሰው በሚተኛበት ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ ቤንዚን ይቀመጣል። ይኼን አልፈን እንሂድ።

የኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ለትንሽ ነጋዴ ትርፉ ያለው ኃይሉን በመሸጥ ሳይሆን ኃይሉ ሥራ ላይ የሚውልበትን ዕቃ በመሥራት፣ በመግጠም፣ በማከራየትና በመጠገን ላይ ነው። የሊትሩን ዋጋ መንግሥት ይቆርጠዋል፤ የኪሎዋቱን ዋጋ መንግሥት ይቆርጠዋል። የምጣዱን፣ የፓምፑን፣ የባትሪውን፣ የእጃችሁን ዋጋ ግን ማንም አይቆርጥባችሁም። ከሁሉም ደግሞ ጥገናው ነው የጠፋው። ዕቃ አስመጥቶ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ሲበላሽ የሚነሳለት ስልክ ግን የለም።

ከምጣድ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚንቀው ሥራ ስለሆነ።

እኛ የኃይል ማመንጫ ጎረቤት ነን። ጢስ አባይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በ11.4 ሜጋዋት ይሠራ ነበር፣ በኋላ ሁለተኛው ተጨመረ። ጣና በለስ በ2002 በ460 ሜጋዋት መጣ። ሕዳሴው በ5,150 ሜጋዋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ታዲያ ለምንድን ነው ሰፈራችን ውስጥ መብራቱ የሚጠፋው? ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ማመንጫው ጋ ሳይሆን ሰፈራችን ውስጥ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ ቤታችን ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ባለ 9 ዋት አምፖል ብትቆጥሩ 390 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር ደግሞ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ሃምሳ ምናምን ምጣድ ሲጫንበት ይሞላል። ለዓመት በዓል ዋዜማ ሁሉም አብሮ ሲጋግር ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንምጣ። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ይመጣል። ተራ ሶኬት የሚችለው ስንት ነው? 16። ስለዚህ ምጣዱ ሶኬቱን ጥግ ላይ አድርሶት ነው የሚሠራው። ትንሽ ከላላ፣ ትንሽ ከዛገ ይግላል፤ ከዚያ ይቀልጣል። ሴትየዋ ኤሌክትሪሺያኑን ትጠራዋለች።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሶኬት ደግሞ ቀለጠብኝ።»

«እትዬ፣ ሶኬቱ ምን አጠፋ! መስመሩ ነው የቀጠነው።»

አብዛኛው ባለሙያ ይኼን ብሎ ሲያበቃ ግን ያንኑ ሶኬት ቀይሮ፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። በሦስት ወሩ ተመልሶ ይጠራል። እዚህ ላይ ነው ሥራው። ለምጣድ ብቻ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳይሆን ወፈር ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 6፣ የራሱ ብሬከር፣ በትክክል የተቀበረ ግራውንድ። «ሙሉ የምጣድ መስመር ይኼን ያህል፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጥ ሰው በየሰፈሩ ቢኖር ሥራ ፈትቶ አይውልም። ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ ነገር ስለሚገጥም ዋስትናው ራሱ አያከስረውም።

ምጣዱን መሥራቱም ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ሸክላው ከጀርባው ጥምዝምዝ ቦይ ይወጣለታል፣ ሽቦው እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ ላዩ በጀሶ ይታሸጋል። የሚበላሸው በአብዛኛው ሽቦው ከኬብሉ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ ታች ነው፤ ሥሩ በደንብ ካልታሸገ ሙቀቱ በከንቱ ወደ ወለል ይወርዳል። ከላይ ሸክላው ከወፈረ ለማሞቅ ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ሸክላውን ያሳሳ፣ ሥሩን በጥሩ መከላከያ ያሸገ ባለሙያ በየቀኑ በመቶዎች ለምትጋግር እንጀራ ሻጭ በወር መጨረሻ ቢሏ ላይ የሚታይ ለውጥ ይሰጣታል። ለቤት እመቤት ዋጋ ንገሯት፤ ለእንጀራ ሻጭ ግን ቢል አሳዩአት። ሁለቱ የተለያዩ ደንበኞች ናቸው። እንጀራ ሻጯ ምጣዷ አንድ ቀን ከቆመ ያን ቀን ገቢ የላትም፤ ስለዚህ በወር እየከፈለች «ሲበላሽ በዚያው ቀን ትመጣለህ» የሚል ውል ብትገባ ያዋጣታል።

ከከተማ ወጣ እንበል። ከጣና ዳርቻ፣ ከፎገራ ሜዳ እስከ ደንቢያ፣ ከዘንዘልማ እስከ ዘጌ አካባቢ፣ በጋው ሲገባ የሚሰማው ድምፅ የውኃ ሞተር ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጫት፣ ሁሉም በሞተር ነው የሚጠጣው። ሞተር ያለው በሰዓት ያከራያል፣ የሌለው ይከራያል። ይኼ ኪራይ ያለና የኖረ ነው፤ ማንም ማሳመን አይጠበቅባችሁም። ገበሬውን የሚያቃጥለው ቤንዚኑ ነው። ውድ መሆኑ ሳያንስ በሚፈልገው ቀን አይገኝም፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ቦቴ እስኪገባ አይጠብቅም።

ሶላር ፓምፕ የሚባለው እዚህ ጋ ነው ትርጉም የሚኖረው። ሂሳቡን ላሳያችሁ፤ ከባድ አይደለም። አንድ ሄክታር አትክልት በደረቁ ወራት በቀን 60 ሜትር ኩብ አካባቢ ውኃ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ተጨምሮ 0.06 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። 60 ሲባዛ 0.06፣ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት። የኛ ፀሐይ በበጋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ጉልበት እንደማለት ነው። ብክነቱን ቀንሳችሁ ስታሰሉት አንድ ኪሎዋት ፓኔል፣ ማለትም ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ትልልቆቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ለዚያ ሄክታር ይበቃል። ሐይቅ ዳር ሆኖ ውኃው ቅርብ ለሆነ ሰው ከዚህም ያነሰ። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ግን ከፍታው ሦስት እጥፍ ሲሆን ፓኔሉም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይኼን ሳያሰላ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሽሹት።

ያው ሄክታር በቤንዚን ሞተር በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይፈጃል። ለአራትና ለአምስት ወር አባዙት።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሶላር አልገዛም? አንደኛ መግዣው አንድ ጊዜ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ይኼን ደግሞ ሻጮች አይነግሯችሁም፣ ገበሬው የለመደው በሦስት ሰዓት ሜዳውን አጥለቅልቆ የሚሄድ ውኃ ነው። ሶላሩ ያንኑ ውኃ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ቀስ እያለ ነው የሚሰጠው። «ይኼ ምን ውኃ ነው፣ ሽንት ነው እንጂ!» ብሎ በመጀመሪያው ቀን የሚመልስ አለ። ቦዩን አጠር አጠር አድርጎ መከፋፈል፣ ወይም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ገንዳ ቆፍሮ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሌብነት ነው። ፓኔል ሜዳ ላይ አድሮ ጠዋት ላይገኝ ይችላል።

ሦስቱም አንድ ቦታ ይጠቁማሉ፤ መሸጡን ትታችሁ አከራዩት። ሦስት ፓኔልና ፓምፑን ጋሪ ላይ አስበይዱት፣ ጠዋት ወደ ማሳው ይሂድ፣ ማታ ቤታችሁ ይደር። መግዣው የእናንተ ነው፣ ሌባው አያገኘውም፣ ገበሬው በለመደው መንገድ ይከፍላል። ልዩነቱ በሰዓት ሳይሆን በቀን ማስከፈላችሁ ነው፣ ሶላሩ በሰዓት ከተመነ ሁልጊዜ ከሞተሩ ያነሰ ውኃ ስለሚሰጥ ትከራከራላችሁ። ከገበሬው ጋር አንድ ሁለት ቀን አብራችሁ ቦይ ጥረጉ። ያኔ ነው የሚቀበላችሁ።

ቤት ውስጥ ስለሚገጠመው ሶላር ብዙ አልልም። ፓኔሉ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ የሚሞተው ባትሪው ነው። የድሮውን የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እያወረዱ የሚጠቀሙበት ሰው በሁለት ዓመት ይገድለዋል፣ ከዚያ «ሶላር ውሸት ነው» ይላል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ደህና ፓኔል ተሰቅሎ፣ ሥሩ የሞተ ባትሪ ቁጭ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ቴስተር ይዞ ዞሮ፣ የቱ እንደሞተ ለይቶ፣ ባትሪውን ብቻ የሚቀይር ሰው አዲስ ደንበኛ መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም።

ባጃጅ። ከተማችን የባጃጅ ከተማ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቤንዚኑ ባጃጅ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 4 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በ2017ቱ ዋጋ ብቻ ከ400 ብር በላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 8 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ነው። የመብራት ቢላችሁን አውጡና የአንዱን ዋጋ በ8 አባዙት። ታሪፉ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኖ እየጨመረ ነው፣ ቢሆንም ልዩነቱ ገና ሰፊ ነው። ሹፌሩ ይኼን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የሚፈራው ባትሪውን ነው። ርካሹ ባትሪ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ሠርቶ ይደክማል፤ ሊቲየሙ ይቆያል፣ ዋጋው ግን አናት ይበጣል። በቀን የቆጠበውን በቀን ይበላዋል፣ ባትሪው ሲሞት እጁ ላይ ምንም የለም።

ስለዚህ ባትሪውን ሹፌሩ አይግዛው፣ ይከራየው። አምስት ባጃጅ ላላቸው ሰዎች ሰባት ባትሪ ይዛችሁ፣ ሲያልቅበት ሙሉውን ሰጥታችሁ ባዶውን የምትቀበሉ ከሆነ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ እናንተ በዕለት ትሰበስባላችሁ። መብራት ጠፍቶ ቢውልም የተሞላው ባትሪ እጃችሁ ላይ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም ባጃጅ አንድ ዓይነት ባትሪ የማይዝ ከሆነ ሥራው ይበተናል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሞዴል የያዙ ሹፌሮችን ሰብስቡ፣ ባትሪውን ከዚያ ግዙ።

የቤት መኪናውም እየመጣ ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና ይኼን በአንድ ሙሊት አይጨርሰውም፤ ደብረ ማርቆስ ወይ ሌላ ቦታ ቆሞ፣ ሞልቶ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ተንጠፍጥፎ ነው። ፈጣኑ ቻርጀር የራሱ ትራንስፎርመር ስለሚጠይቅ ለእናንተ አቅም አይሆንም። ቀስ ብሎ የሚሞላው፣ 7 ኪሎዋት የሚባለው፣ ግን የሁለት ምጣድ ያህል ነው። 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በ7 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ሰውየው ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ተኝቶ ሲነሳ ሞልቷል ማለት ነው። እናንተ ቻርጅ ጣቢያ መክፈት አይጠበቅባችሁም፤ ለሆቴሎቹ የምትገጥሙና የምትንከባከቡ ሁኑ። በነገራችን ላይ የአብዛኞቹ የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ጋራዥ ውስጥ በልምድ ተማርኩ ተብሎ የሚነካ አይደለም፣ ሳይሰለጥኑ መክፈት ሞት ነው።

የጣና ጀልባስ በኤሌክትሪክ አይሆንም ወይ? ዘጌ ደርሶ ለሚመለስ ይሆናል፣ ጎርጎራ ለሚሄደው አይሆንም። ጎብኚው እንደ ድሮው እስኪመለስ ግን እኔ ብሬን እዚያ ላይ አላስቀምጥም።

የሚነደው ነገር ላይ ልለፍ። ወረታ ሄዳችሁ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ብታዩ በየጀርባቸው የሩዝ ገለፈት ክምር አለ። ከሚፈለፈለው ሩዝ አንድ አምስተኛው ገለፈት ነው፤ ከ100 ኩንታል 20 ኩንታል። ክብደቱን በክብደት ስታነጻጽሩት ከማገዶ እንጨት ብዙ አያንስም። ስለዚህ «ጨምቄ ብሪኬት፣ ማለትም እንደ ከሰል የሚነድ ጡብ፣ ላድርገው» የሚል ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል፣ ትክክልም ነው። የሚጥለው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ገለፈቱ ውስጥ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘር አለ። የማሽኑን ጠምዛዛ ብረት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ብረቱ ጫፉ ከተበላ ማሽኑ መጭመቅ ያቆማል፣ ወጥቶ እንደገና በጠንካራ ብየዳ ይሞላል፣ ይሞረዳል፣ ይገባል። ይኼ በዓመት አንዴ የሚመጣ ብልሽት መስሏችሁ እንዳትገቡ፤ የሳምንት፣ አንዳንዴም የቀን ሥራ ነው። ማሽን ገዝተው የተዉት ሰዎች የተዉት ገበያ አጥተው ብቻ አይደለም። በያጅ ሸሪክ ካላችሁ፣ መለዋወጫ ጠምዛዛ ሁለት ሦስት ካዘጋጃችሁ ይሠራል። ደንበኛችሁም ቤተሰብ አይሁን፤ አመዱ ብዙ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይወደድም። ጡብ አቃጣይ፣ ዳቦ ቤት፣ ጠላና አረቄ የሚያወጡ ትልልቅ ምድጃዎች ይሻላሉ።

አዊ ላይ ገበሬው ራሱ መንገዱን አሳይቷል። ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክሎ፣ በአምስት ዓመት አካባቢ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ በመሃል እህል ዘርቶ የሚኖር ገበሬ ብዙ ነው። ከተፈጥሮ ደን ሳይነኩ ከሰል ማውጣት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ዝገት የሚመስል በሽታ ዛፉን መታው፤ በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የቆመ ሁሉ ተጎዳ። ከሰል በኬሻ ገዝቶ መሸጥ ላይ ያላችሁ ምንጫችሁን ከአንድ ወረዳ ብቻ አታድርጉ።

እምቦጭስ? ይኼን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የሚያልፍ የለም። እምቦጭ ከመቶ 90 እጁ ውኃ ነው። አንድ ኩንታል ደረቅ ለማግኘት አሥር ኩንታል ከሐይቅ ታወጣላችሁ፣ ታጓጉዛላችሁ፣ ታደርቃላችሁ። ለባዮጋዝ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። ለብሪኬት ብሎ ብድር መውሰድ ግን አልመክርም። ደግሞም እምቦጩ እንዲጠፋ እየጸለይን በእምቦጭ ላይ ፋብሪካ መትከል ትንሽ ግራ ነው።

ባዮጋዝ ላይ ያለው ሥራ የግንባታ ሳይሆን የጥገና ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ፕሮግራም በክልላችን በብዛት ተሠርቷል። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ ይበቃዋል። ሥራ ያቆመው ግን ብዙ ነው፤ ቫልቩ ተሰበረ፣ ቱቦው ተቀደደ፣ ውኃ ራቀ፣ መጥቶ የሚያይ የለም። በዚያ ላይ ምድጃው ወጥ እንጂ እንጀራ አይጋግርም ነበር፤ ስለዚህ እንጨቱ ከቤት አልወጣም። የቆሙትን እየዞረ የሚቀሰቅስ፣ የሚወጣውን ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያ ለተወደደበት ገበሬ የሚያገናኝ ሰው ሁለት ቦታ ይበላል። እንጨቱ ላይ ለሚቆዩት ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፎርማ ነው የሚፈልገው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል። ጀማሪ በትንሽ ብር ሊገባበት የሚችል ሥራ ይኼ ነው። ክብደቱ ግን የጋሪ ኪራይ ይበላል፤ ፎርማውን ይዛችሁ ገበያው ካለበት ቦታ ሄዳችሁ አምርቱ።

ወረቀቱና ብሩ ይቀራል። ለኤሌክትሪክ ገጠማ ከንግድ ፈቃዱ በፊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ጉዳዩ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት፣ የሌለው ልጅ ፈተናውን ይውሰድ፣ ያለሱ ሆቴልም መሥሪያ ቤትም ሥራ አይሰጠውም። ለማሽን ከሆነ የልማት ባንክን የሊዝ ብድር ጠይቁ፤ ማሽኑን ባንኩ ይገዛል፣ እናንተ የተወሰነ ድርሻ አዋጥታችሁ እየሠራችሁ ትከፍላላችሁ፣ ስትጨርሱ የእናንተ ይሆናል። ዋና መያዣው ማሽኑ ራሱ ነው፤ ቤት ለሌለው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ለትንሹ ጸደይ ባንክ አለ፣ የድሮው አብቁተ ማለት ነው። ለምጣድና ለቴስተር ግን ባንክ አትሂዱ፤ እቁብ ይበቃል።

ዱቤ ላይ ጨካኝ ሁኑ። ዕቃ በዱቤ ስጡ ብትባሉ እንኳ የእጅ ዋጋችሁን በዚያው ቀን ተቀበሉ። ገበሬ ምርት ሲሸጥ እከፍላለሁ ካለ የሚታመን ቢሆንም ሽንኩርት የወደቀበት ዓመት አለ፤ ግማሹን ቀድማችሁ ያዙ።

ፓምፕ ኪራይ ላይ ልትገቡ ያሰባችሁ ደግሞ ጊዜው ከአሁኑ ይቆጠር። መስኖው የሚጧጧፈው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ፓኔልና ፓምፑ በመስከረም እጃችሁ ካልገባ፣ ጋሪው በጥቅምት ካልተበየደና አንድ ማሳ ላይ ካልተሞከረ፣ ገበሬው ለዓመቱ ከባለሞተሩ ጋር ተስማምቶ ያገኛችሁታል።